ጫማው የት ቀረ?

ጆርጅ ዋሽንግተን በአሜሪካ የነጻነት ጦርነት መካከል፣ እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 23 ቀን 1777 ከቫሊ ፎርጅ ሰፈር ለኮንግረሱ ፕሬዚዳንት ለሄንሪ ሎረንስ ደብዳቤ ጻፈ። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትም ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።) ደብዳቤው ቁጣና ልመና የተቀላቀለበት ነው። ስንቅ በቶሎ ካልደረሰ ሠራዊቱ ወይ በረሃብ ያልቃል፣ ወይ ይፈርሳል፣ ወይም የሚቀመስ ፍለጋ በየአቅጣጫው ይበተናል ይላል። ይህ ማስጠንቀቂያ በአሜሪካ የታሪክ መጻሕፍት ተደጋግሞ ይጠቀሳል። በዚያው ደብዳቤ ውስጥ ግን ከማስጠንቀቂያው ይልቅ ልብ ሊባል የሚገባው አንድ ቁጥር አለ፤ 2,898። ጫማና ልብስ በማጣት ብቻ ለግዳጅ መሰለፍ ያልቻሉ ወታደሮች ብዛት ነው፤ በዚያው ዕለት ከተሰበሰበ የሠራዊት ቆጠራ የተወሰደ። ጄኔራሉ ሦስት ሺህ ያህል ብሎ ማለፍ ይችል ነበር፤ አላለፈም። በየክፍሉ ባዶ እግር የቆጠረ ሰው ነበር፤ ቆጠራውን የደመረና ለአለቃው ያቀረበም ነበር። የደብዳቤው ቃላት ልብ ይነካሉ፤ የደብዳቤውን ክርክር የተሸከመው ግን ያ የመዝገብ ቁጥር ነው።

ከዚያ ወዲህ ባለፉት ሁለት መቶ ሃምሳ ዓመታት ገደማ ሁለቱ ተለያዩ። ደብዳቤው ወደ ሐውልትና ወደ ሥዕል ሄደ፤ መዝገቡ ወደ ዕቃ ቤት። በበረዶ ላይ የደም ዱካ እየተወ የሚራመደው ወታደር የአንድ ሕዝብ የመከራ ምልክት ሆነ። ዋሽንግተን በበረዶ ላይ ተንበርክኮ ሲጸልይ የሚያሳየው ሥዕልም እንዲሁ፤ የዚህ ታሪክ አሰራጭ ከጦርነቱ በኋላ የጄኔራሉን ገድል በመጻፍ የታወቀው ሜሰን ዊምስ ሲሆን፣ እስከ ዛሬ ማረጋገጫ አልተገኘለትም። የዚህ ጽሑፍ ክርክር አንድ ነው። የወታደር ደብዳቤ ከስንቅ መዝገቡ ተነጥሎ ሲነበብ የሰው ጥፋት የሰማይ ፈተና ይመስላል፤ ረሃቡ ይታያል፣ ያስራበው አይታይም። የጥንቶቹን የአሜሪካ ጦርነቶች ሰነድ የሚያነብ ሰው ከሁለቱ አንዱን ብቻ ይዞ ከቀረ፣ ይዞ የሚቀረው የታሪኩን ግማሽ ሳይሆን ሌላ ታሪክ ነው።

መጀመሪያ የተገባውን ቃል እንመልከት። ኮንግረስ በኖቬምበር 4 ቀን 1775 ባሳለፈው ውሳኔ ለእያንዳንዱ ወታደር በቀን አንድ ፓውንድ የበሬ ሥጋ፣ ወይም ሦስት ሩብ ፓውንድ የአሳማ ሥጋ፣ ወይም አንድ ፓውንድ ጨው የገባበት ዓሣ ፈቀደ። (አንድ ፓውንድ ግማሽ ኪሎ ሊሞላ ጥቂት ይጎድለዋል።) በዚያ ላይ በየቀኑ አንድ ፓውንድ ዳቦ ወይም ዱቄት፣ ግማሽ ሊትር የሚጠጋ ወተት፣ ወደ አንድ ሊትር የሚሆን ቢራ ወይም የፖም መጠጥ ነበረው። በሳምንት ደግሞ አተር ወይም ባቄላ፣ ሩዝ ወይም የበቆሎ ዱቄት ይጨመርለታል። ለ100 ሰው በሳምንት ሦስት ፓውንድ ሻማ ተመድቧል፤ ሳሙናውም ለስላሳ ከሆነ 24 ፓውንድ፣ ጠጣር ከሆነ 8 ፓውንድ ተብሎ ተለይቶ ተጽፏል። ገና መንግሥት ሆኖ ያልቆመ ምክር ቤት የሳሙና ዓይነት እስከ መለየት መድረሱ ፈገግ ያሰኝ ይሆናል። ዝርዝሩ ሕግ ሆኖ መጻፉ ግን ትልቅ ነገር ነው፤ ከዚያ ቀን ጀምሮ የእያንዳንዱ ቀን ጉድለት የሚለካበት መስፈሪያ ተገኘ። ወታደሩ በደብዳቤው ራበኝ ሲል፣ መዝገቡ ስንት ጎደለህ፣ ከማን እጅ ጎደለህ ብሎ መጠየቅ ቻለ።

አሁን ወደ ሰፈሩ እንግባ። ከኮነቲከት የመጣው የጦር ሐኪም አልቢጀንስ ዋልዶ በዚያው ዲሴምበር በያዘው የዕለት ማስታወሻ ቁርሱም እራቱም ዱቄት በውሃ ተለውሶ በፍም ላይ የሚለበለብ ነገር መሆኑን በምሬትና በቀልድ መሐል ሆኖ ይጽፋል። ቂጣ እንዳንለው ቂጣን ማማት ይሆናል። በ1776 ገና በ15 ዓመቱ የተመለመለው ጆሴፍ ፕላም ማርቲን ደግሞ ከብዙ ዓመታት በኋላ፣ በ1830፣ ስሙን ሳይገልጽ ባሳተመው ትዝታ ውስጥ የ1777ቱን የምስጋና በዓል ያነሳል። ኮንግረስ በዓሉን አወጀ፤ የተራበው ወታደር አንድ ነገር ይመጣልናል ብሎ ጠበቀ፤ የመጣለት አንድ የቡና ስኒ የማይሞላ ሩዝና አንድ የሾርባ ማንኪያ ኮምጣጤ ነበር። ጫማው ሲያልቅ ካልለፋ የከብት ቆዳ ቆርጦ እንዴት መጫሚያ እንደሠራና የቆዳው ጠርዝ ቁርጭምጭሚቱን እንዴት እንደላጠውም ይተርካል። ማርቲን ቀልድ የሚያውቅ ጸሐፊ ነው፤ ሲያስቅም ሲያስለቅስም ይችልበታል። ዓይኑ ግን እስከ ድስቱ አፍ ድረስ ብቻ ነው የሚያየው። ዱቄቱ ከሰፈሩ ውጪ የት መንገድ ላይ እንደቆመ፣ ጋሪው ለምን እንዳልተነሳ፣ ፈረሱ ለምን እንደሞተ ሊያውቅ አይችልም፤ እንዲያውቅ መጠበቅም ግፍ ነው። ስለዚህ የሚከሰውን ሲያጣ አንዳንዴ ኮንግረስን፣ አንዳንዴ ሀገሩን በጠቅላላው፣ አንዳንዴም ዕጣውን ይከሳል።

መዝገቡ ግን ስም አለው። ከሁሉ አስቀድሞ ክረምቱን ነጻ ያወጣል። የ1777–78 ክረምት በቫሊ ፎርጅ እንደ ወትሮው ያለ ክረምት ነበር፤ የዚያ ጦርነት የከፋው ብርድ የመጣው ከሁለት ዓመት በኋላ በሞሪስታውን ሰፈር ነው። በቫሊ ፎርጅ ወደ 2,000 የሚጠጋ ሰው ሞቷል፤ አብዛኛውን የገደለው በሽታ ሲሆን፣ ሞቱ የበረከተውም በረዶ በሚወርድበት ጊዜ ሳይሆን ከማርች እስከ ሜይ ባሉት ሞቃት ወራት ነው። ይህን የነገረን የየወሩ የሠራዊት ቆጠራና የሐኪም ቤቶች ዝርዝር እንጂ ደብዳቤ አይደለም። ቀጥሎ ምድሪቱን ነጻ ያወጣል። ቫሊ ፎርጅ ያለባት ፔንሲልቬንያ በጊዜው በስንዴዋ የታወቀች ነበረች፤ ረሃቡ የደረሰው በረሃ ውስጥ አይደለም። የጠፋው እህል ሳይሆን እህሉን ከጎተራ እስከ ድንኳን የሚያደርስ ሰንሰለት ነበር።

ሰንሰለቱ የት ላይ እንደተበጠሰ ቀንና ስም ጠቅሶ መናገር ይቻላል። የመጀመሪያው የስንቅ ሹም ጆሴፍ ትረምቡል በ1777 ክረምት ሳይገባ ሥራውን ለቀቀ፤ ኮንግረስ ምክትሎቹን ራሱ መሾም ጀምሮ ነበር፣ ከሚገዛው ዕቃ ድርሻ እንዲከፈለው ያቀረበውንም ጥያቄ አልተቀበለም። በዚያው ዓመት በጁን ኮንግረስ ያወጣው አዲስ ደንብ ገዢዎች የእያንዳንዱን ከብት ቀለምና ምልክት ሳይቀር በመዝገብ እንዲያሰፍሩ አዘዘ። ሌብነትን ለመከላከል የታሰበ ነው፤ ውጤቱ ግን ሥራ የሚያውቁት ሰዎች ጥለው መሄዳቸው ሆነ። የትራንስፖርቱ ኃላፊ ኮተርማስተር ጄኔራል ቶማስ ሚፍሊን በኦክቶበር 1777 ሥልጣኑን እንደሚለቅ አሳወቀ፤ ተተኪው ናትናኤል ግሪን የተሾመው በማርች 2 ቀን 1778 ነው። ልብ እንበል፤ ሠራዊቱ ቫሊ ፎርጅ የገባው በዲሴምበር 19 ነው። ከባዱን ጊዜ ሁሉ ጋሪ፣ ፈረስ፣ መኖና መንገድ የሚያዝ እውነተኛ ኃላፊ አልነበረም። መኖ በማጣት በመቶ የሚቆጠሩ ፈረሶች አለቁ፤ ፈረስ ሲያልቅ ጋሪ ቆመ፤ ጋሪ ሲቆም ሰው ተራበ። ጭነት ለማቅለል ብለው ከሥጋው በርሜል ጨዋማውን ውሃ እያፈሰሱ የሚሄዱ ጋሪ ነጂዎችም ነበሩ፤ ሥጋው ሰፈር ሲደርስ ሸቶ ይገኛል። ገበሬውም የሚረክስ የወረቀት ገንዘብ ከሚቀበል ፊላደልፊያ ለተቀመጠው ለእንግሊዝ ጦር በወርቅ ቢሸጥ መረጠ። አንባቢ እዚህ ላይ አንድ ወንጀለኛ ፈልጎ አያገኝም። የሚያገኘው በየቦታቸው ትንሽ ትንሽ የጎደሉ ሰዎችን ነው፤ የጉድለታቸው ድምር 2,898 ባዶ እግር ሆኖ መጣ።

መሻሻሉም በተአምር አልመጣም። ግሪን ጋሪውን፣ ከኤፕሪል 1778 ጀምሮ ደግሞ ጀርማያ ዋድስዎርዝ ስንቁን ሲይዙ ነገሩ ተለወጠ። ለትረምቡል የተከለከለው በድርሻ መከፈል ለእነሱ ተፈቀደ፤ ኮንግረስ በአንድ ዓመት ውስጥ ከራሱ ጋር ተጣላ ማለት ነው። ግሪን ከመሾሙ በፊት በፌብሩዋሪ በአካባቢው ካሉ ገበሬዎች ከብት፣ መኖና ጋሪ እንዲሰበስብ ተልኮ ነበር። በዚያን ጊዜ ለዋሽንግተን በጻፈው ደብዳቤ ሕዝቡ ከየአቅጣጫው እየጮኸ እንደከበበውና እሱ ግን እንደ ፈርዖን ልቡን እንዳደነደነ ይገልጻል። ከዘጸአት የተወሰደችው ይህች ምሳሌ ለማንም አንባቢ ግልጽ ናት፤ የነጻነት ጦር መኮንን ራሱን በፈርዖን ቦታ ማስቀመጡ ደግሞ ምን ያህል ሕሊናው እንደቆሰለ ያሳያል። ከደብዳቤው ጎን ለገበሬዎቹ የተሰጠውን የዱቤ ወረቀት ስናስቀምጥ፣ የሠራዊቱ ረሃብ እንዳልጠፋ፣ ከድንኳኑ ወደ ገበሬው ቤት እንደተሻገረ እናያለን። ኮንግረስ ራሱ በማርች 1780 ገንዘቡን አርባውን በአንድ ተመነው። በሚቀጥለው ዓመት በጃኑዋሪ 1 ቀን የፔንሲልቬንያ ክፍለ ጦር ደመወዝ አጥቶና ተርቦ አመፀ። የአመፀኞቹን ስሜት የሚገልጹ ጽሑፎች ሞልተዋል፤ ለምን በዚያን ጊዜ እንደፈነዳ የሚያስረዳው ግን የደመወዝ መዝገቡ ነው።

እዚህ ላይ ጠንካራ ተቃውሞ ይነሳል። መዝገብም ይዋሻል። ከሚያወጣው ገንዘብ ድርሻ የሚከፈለው ሹም ዋጋ በናረ ቁጥር ገቢው ያድጋል፤ ግሪንና ሁለት ረዳቶቹ ከወጪው መቶኛ አንድ ይካፈሉ ስለነበር በዘመኑ ብዙ ታምተዋል። የሸተተ ሥጋ ደህና ሥጋ ተብሎ ሊጻፍ፣ የሞተ ወታደር ቀለብ ሲወጣ ሊቆይ ይችላል። ይህን ሁሉ እቀበላለሁ። ሆኖም የመዝገብ ውሸት ከደብዳቤ ውሸት የሚለይበት ነገር አለ፤ ብቻውን አይቆምም። አንድ በርሜል ሥጋ ሲንቀሳቀስ የሸጠው፣ የገዛው፣ የጫነው፣ የተረከበውና ያከፋፈለው በየፊናቸው ይጽፉታል፤ አምስት ወረቀት ተስማምቶ እንዲዋሽ ማድረግ ቀላል አይደለም። ደብዳቤ ግን አንድ አፍ ነው፤ ለማሳመንም ይጻፋል። የዋሽንግተንን የዲሴምበር ደብዳቤ ራሱን የመረመሩ አንዳንድ የታሪክ ሰዎች ጄኔራሉ ኮንግረስን ለማስደንገጥ ሁኔታውን ካለበት አጥቁሮ ሥሎታል ይላሉ። ልክ ይሁኑም አይሁኑም፣ እንዲህ ብለው መከራከር የቻሉት ደብዳቤውን የሚያስተያዩበት የቆጠራ ወረቀት ስላለ ነው።

ይህ ክርክር ቤተ መዛግብት ውስጥ ብቻ የሚቀር እንዳልሆነ የ1791 ጥፋት ያሳያል። በዚያ ዓመት ጄኔራል አርተር ሴንት ክሌር የአዲሲቱን አገር ጦር ይዞ ከኦሃዮ ወንዝ ወደ ሰሜን ዘመተ። ኖቬምበር 4 ቀን ንጋት ላይ በማያሚው መሪ ሊትል ተርትል፣ በሾኒው መሪ ብሉ ጃኬትና በሌሎች የሚመሩ የአገሬው ተወላጅ ተዋጊዎች በዋባሽ ወንዝ ራስጌ ከበቡት፤ ከ1,400 ገደማ ወታደር ከ600 በላይ ተገደለ። አሜሪካ ከአገሬው ተወላጆች ጋር ባደረገቻቸው ጦርነቶች ሁሉ ይህን የሚያህል ሽንፈት አልደረሰባትም። ከእልቂቱ የተረፉት የጻፉት ድንጋጤን፣ ጭስን፣ ሽሽትንና የቆሰለ ወዳጅን ጥሎ መሄድን ነው። ደብዳቤዎቹ ብቻ ቢቀሩን ፍርዱ ወይ ጄኔራሉ ፈሪ ነበር፣ ወይ ጠላት በቁጥር በዛ ከሚል አያልፍም ነበር።

የተወካዮች ምክር ቤት ግን በማርች 1792 አንድ ኮሚቴ አቋቁሞ የጦር ሚኒስቴርን ወረቀት ጠየቀ። በአሜሪካ ታሪክ ምክር ቤቱ ያካሄደው የመጀመሪያው ምርመራ ይህ ነው። ዋሽንግተን አሁን ፕሬዚዳንት ነው፤ ሚኒስትሮቹን ሰብስቦ ወረቀቱን መስጠት ይገባል ወይ ብሎ አማከረ፤ በመጨረሻም ሰጠ። ወረቀቱ ሲገለጥ ዝናብ የማያቆም ድንኳን፣ ደካማ ባሩድ፣ ከፈረሱ ጀርባ የሰፋ የጭነት ኮርቻ ተገኘ። የትራንስፖርት ኃላፊው ሳሙኤል ሆጅደን ሰፈር የደረሰው በሴፕቴምበር መሆኑ ተገኘ፤ በበጋ መሆን የነበረበት ዘመቻ ወደ ብርድ ገፋ። ስንቅ ሊያቀርብ የተዋዋለው ዊልያም ዱዌር ደግሞ በኒው ዮርክ የአክሲዮን ግምት ንግድ ውስጥ ተዘፍቆ ነበር፤ ምርመራው በተጀመረበት በዚያው ማርች ከስሮ በዕዳ ታሰረ። ከሁሉ የሚገርመው አንድ ነገር ነው። ከውጊያው ጥቂት ቀናት በፊት የከዱ ሚሊሻዎች ወደ ኋላ ሲመለሱ በመምጣት ላይ ያለውን ስንቅ እንዳይዘርፉ በመስጋት፣ ሴንት ክሌር ከዘማቾቹ ሁሉ የተሻለውን አንደኛውን ሬጅመንት ወደ ኋላ ላከ። ውጊያው ሲጀመር ያ ሬጅመንት ዱቄት ሊጠብቅ ሄዶ ቦታው ላይ አልነበረም። ኮሚቴው በመጀመሪያ ሪፖርቱ ጄኔራሉን ነጻ አድርጎ ጣቱን በአቅራቢዎቹና በኃላፊዎቹ ላይ ቀሰረ፤ እነዚያም አጥብቀው ስለተቃወሙ በሚቀጥለው ዓመት ሪፖርቱ ለዘብ ተደረገ። ለዘብ መደረጉም ቢሆን ከመዝገቡ ጋር ስለተቀመጠ ይታያል።

ትምህርቱ በቶሎ አልተወሰደም። በ1812 ከእንግሊዝ ጋር እንደገና ሲዋጉ ስንቁን ያቀርቡ የነበሩት እነዚያው ዓይነት የግል ተቋራጮች ነበሩ፤ መንግሥት ቋሚ የስንቅ መሥሪያ ቤት ያቋቋመው ጦርነቱ ካለቀ በኋላ በ1818 ነው። (አሜሪካን በቁልምጫ አንክል ሳም የሚላት ስም ከዚያ ጦርነት የሥጋ በርሜል ላይ ከተጻፉ ሁለት ፊደላትና ሳሙኤል ዊልሰን ከሚባል የኒው ዮርክ ሥጋ አቅራቢ መጣ ተብሎ ይነገራል፤ እውነት ከሆነ አገር በስንቅ ሻጭዋ ስም መጠራቷ ለዚህ ክርክር የማይገኝ ስጦታ ነው።)

ሌላው ተቃውሞ መዝገብ ሰውን ቁጥር ያደርገዋል፣ ደብዳቤ ግን ሰውነቱን ይመልስለታል የሚል ነው። እውነት አለው፤ ግን የማን ሰውነት? ደብዳቤ የሚጽፈው መጻፍ የሚችል፣ ወረቀት የሚያገኝ፣ የሚቀበለው ሰው ያለው ነው። በኦገስት 24 ቀን 1778 የዋሽንግተን ሠራዊት ጽሕፈት ቤት በየብርጌዱ ያሉትን ጥቁር ወታደሮች የቆጠረበት አንድ ገጽ አለ፤ ድምሩ 755 ነው። ከእነዚህ አብዛኞቹ አንድ መስመር እንኳ አልተዉልንም። ያ ደረቅ ዝርዝር ባይኖር በነጻነቱ ጦርነት ሥዕሎች ላይ አለመታየታቸውን እንደ ማስረጃ የሚጠቅስ አይጠፋም ነበር። ባሎቻቸውን ተከትለው ሰፈር የገቡት፣ ያጠቡ፣ ያበሰሉና የቆሰለ ያስታመሙ ሴቶችም የተለመደ ስፍራቸው የቀለብ ዝርዝር ነው። የአንዲቱን ድምፅ ግን በአጋጣሚ አግኝተነዋል። ሣራ ኦዝቦርን በ1837 በ81 ዓመቷ ለጡረታ ስታመለክት በሰጠችው ቃል በ1781 በዮርክታውን ምሽግ ውስጥ ላሉት ሥጋ፣ ዳቦና ቡና ትወስድ እንደነበር፣ ዋሽንግተን አይቷት የመድፉን ጥይት አትፈሪም ወይ ብሎ እንደጠየቃት፣ እሷም እየተዋጉ መራብ እንደማይሆንላቸው እንደነገረችው ተናግራለች። ይህን የመሰለ ንግግር የተጻፈው የመንግሥት ሂሳብ ክፍል ማስረጃ አምጪ ስላላት ነው። መዝገቡና ድምፁ ጠላቶች አይደሉም፤ አንዳንዴ አንዱ ሌላውን ወልዶታል።

መዝገቡ የማይደብቀው ሌላም ነገር አለ፤ ያንኑ የተራበ ሠራዊት አስራቢ ሆኖ ያሳየናል። በ1779 ጄኔራል ጆን ሱሊቫን ከእንግሊዝ ጋር ባበሩት የኢሮኳ ሕዝቦች ላይ እንዲዘምት ታዘዘ፤ ግቡ ሰፈራቸውንና አዝመራቸውን ማጥፋት ነበር። ወታደሮቹ በያዟቸው ማስታወሻዎች ውስጥ የበቆሎውን ርዝመት፣ የፍራፍሬውን ብዛት፣ የቤቶቹን አሠራር ያደንቃሉ፤ አድንቀው ያቃጥላሉ። ስንቃቸው ስላነሰ ራሳቸው በግማሽ ቀለብ ለመሄድ ተስማሙ፤ የቆርቆሮ ዕቃቸውን እየበሱ በሸካራው ጎን የማረኩትን በቆሎ እየፋቁ በሉ። ሱሊቫን ለኮንግረስ ባቀረበው ሪፖርት 40 ሰፈሮችንና 160,000 ቡሽል በቆሎ ማውደሙን አስታወቀ፤ አንድ ቡሽል 35 ሊትር ያህል ይይዛል። ከማስታወሻዎቹ የሚቀረን የአንድ ወጣት ወታደር መደነቅ ነው። ከሪፖርቱ የሚቀረን የሌላ ሕዝብ የክረምት ምግብ ነው። በዚያ ክረምት በሺዎች የሚቆጠሩ ተፈናቃዮች በእንግሊዞቹ ምሽግ በኒያጋራ ቀለብ ጠባቂ ሆኑ።

ይህ ሁሉ ሂሳብ መተሳሰብ መሥዋዕትነትን አያሳንስም ወይ የሚል ይኖራል። ዘማችን በፉከራና በቀረርቶ ማስታወስ ለለመድን ለእኛ ጥያቄው ሩቅ አይደለም፤ ሆኖም አማርኛችን ራሱ ስንቅና ትጥቅ ሲል ስንቅን ያስቀድማል። ማርቲን በባዶ እግሩ መሄዱ ያስከብረዋል። የሚያሳንሰው ባዶ እግሩን ጌጥ ማድረግ ነው፤ ጌጥ ከሆነ ጫማውን ያላደረሰ ሰው አይጠየቅም፣ እንዲያውም ለክብሩ ምክንያት የሆነ ይመስላል። ማርቲን ራሱ ይህን ያውቅ ነበር። በትዝታው ውስጥ ደጋግሞ የሚቆጣው በእንግሊዞች ላይ አይደለም፤ ቃል ገብተው ባልፈጸሙለት በራሱ ሰዎች ላይ ነው። ቁጣውን አክብሮ ማንበብ ማለት የሚቆጣባቸውን ሰዎች ደረሰኝ ማገላበጥ ነው።

ደረሰኙ ሳይኖር ሲቀር ዋጋውን ማን እንደሚከፍልም ታይቷል። በኖቬምበር 8 ቀን 1800 በዋሽንግተን ከተማ የጦር ሚኒስቴሩ መሥሪያ ቤት ተቃጥሎ አብዛኛው የመጀመሪያ ዘመን ወረቀት ወደመ፤ በ1814 ደግሞ እንግሊዞች ከተማዋን ሲያቃጥሉ ተጨማሪ ጠፋ። (በዘመናችን ተመራማሪዎች በየስብስቡ የተበተኑ ቅጂዎችን እያሰሱ ወደ 45,000 የሚጠጉ የዚያ መሥሪያ ቤት ሰነዶችን መልሰው ሰብስበዋል።) ስለዚህ ኮንግረስ በ1818፣ ኋላም በ1832 ለአዛውንቶቹ ዘማቾች ጡረታ ሲፈቅድ፣ ብዙዎቹ ማገልገላቸውን በወረቀት ማስረዳት አልቻሉም። በፍርድ ቤት ቆመው ከሃምሳ ዓመት በፊት የት ሰፈር እንዳደሩ፣ አለቃቸው ማን እንደነበር በቃላቸው መዘርዘር ነበረባቸው። ድህነታቸውንም እንዲያስረዱ ተጠየቁ፤ ማርቲን በ1820 ከመኝታውና ከልብሱ በቀር ሁለት ላሞች፣ ስድስት በጎችና አንድ አሳማ ብቻ እንዳሉት አስመዘገበ።

ጄሁ ግራንት የሚባለው ደግሞ በ1777 በሮድ አይላንድ ከነበረው ጌታው ኮብልሎ ለአብዮቱ ሠራዊት ጋሪ ነድቷል፤ አሥር ወር ያህል ካገለገለ በኋላ ጌታው አግኝቶት መለሰው። ያ ጊዜ ጋሪ የሚነዳ ሰው ከጠመንጃ ያዥ ይልቅ የሚፈለግበት፣ ቫሊ ፎርጅ ዱቄት የሚጠብቅበት ጊዜ ነበር። በ1832 ጡረታ ሲጠይቅ፣ ያገለገልከው ከጌታህ የኮበለልክ ሳለህ ነውና አይገባህም ተባለ። በ1836 እንደገና ለጡረታ ኮሚሽነሩ ደብዳቤ ላከ፤ ሕዝቡ ሁሉ ስለ ነጻነት ሲነሳ አይቶ ልቡ እንደተሳበ አስረዳ። መልሱ አልተለወጠም። የጡረታ ማመልከቻዎቹ ዛሬ በአሜሪካ ብሔራዊ ቤተ መዛግብት ወደ 80,000 በሚጠጉ ፋይሎች ተጠብቀዋል፤ ውድቅ የተደረጉትም ከተፈቀዱት ጋር አሉ፣ የጋሪ ነጂው ደብዳቤም ከማርቲን ላሞችና በጎች ዝርዝር ጋር በዚያው ስብስብ ውስጥ ነው።